ኮርኒስ ውስጥ ያለው ቧንቧ

ቺዙሩ ኩራሞቶ ቤት እገዛለሁ ብላ አስባ አታውቅም። እስከ ስልሳ አንድ ዓመቷ የኖረችው ኮኩራ በምትባል የጃፓን ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች አሮጌ የእንጨት ቤት ተከራይታ ነው፤ መጀመሪያ ከእናቷ ጋር፣ እናቷ ካረፉ በኋላ ደግሞ ብቻዋን። ሥራዋ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ምሳ ማብሰል ነበር። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ነገር ግን የሰፈሩ ወጣት ሁሉ የሷን ሾርባ ጠጥቶ ስላደገ፣ ገበያ ስትወጣ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚላት አይጠፋም። በዚህ ኑሮዋ ቅር ብሏት አያውቅም።

አንድ ሚያዝያ አከራይዋ ሽማግሌ ሞቱ። ልጆቻቸው ከቶኪዮ መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው ደጋግመው እጅ እየነሱ ይቅርታ ጠየቋትና ቤቱ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ እንደሚሆን ነገሯት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሌላ ቤት እስክታገኝ ጊዜ ሰጧት፤ የዕቃ ማጓጓዣውንም እንችላለን አሏት። የምትቆጣው ሰው እንኳ አጥታ ሻይ አፍልታ ሸኘቻቸው።

ጣጣው የመጣው ቤት ስትፈልግ ነው። ናጋቶሚ የሚባለው ደላላ ልጅ ሳለ ካሮት አልበላም እያለ ያስቸግራት የነበረ ተማሪ ነው። አሁን ከረባት አስሮ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቢሮ ከፍቷል። እሷን ወንበር ላይ አስቀምጦ ለአከራዮች ይደውላል። «አዎ፣ ሴት ናቸው። አዎ፣ ብቻቸውን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ስልሳ አንድ። የለም፣ ጤነኛ ናቸው። እንዲያውም ከኔ ይሻላሉ።» ከዚያ «ገባኝ፣ ገባኝ» እያለ በስልኩ ውስጥ ላለው ሰው እጅ ይነሳል። ቺዙሩ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ዕቃ ዋጋዋ ሲጠየቅ እየሰማች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የቤት ፎቶዎች ታያለች።

የሙቀቱ ወራት በዚህ አለቀ። አንድ ቀን ናጋቶሚ ስልኩን አስቀምጦ ግንባሩን አሻሸ።

«እርስዎን ጠልተው አይደለም» አላት። «ብቻዎን ስለሆኑ፣ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቢፈጠር ብለው ነው የሚሰጉት።»

«ሞቼ ብገኝ ማለት ነው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«በለው ግዴለም። እኔም አስቤዋለሁ።»

ናጋቶሚ ፊቱን ወደ ግድግዳው ፎቶዎች መለሰና፣ «ለምን አይገዙም?» አለ። «ገዢን ዕድሜው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሮጌ ኮንዶሚኒየም ከሆነ እርስዎ ባለዎት ይገኛል።»

የተገኘው ዋካባ የሚባል ሕንፃ ላይ ነበር። ዋካባ ለጋ ቅጠል ማለት ነው፤ ሕንፃው ግን የተሠራው ቺዙሩ ገና የትምህርት ቤት ቦርሳ ተሸክማ በምትሄድበት ዘመን ነው። አምስት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚሸጠው ኩባንያ ግድግዳውን ነጭ ወረቀት አልብሶታል፣ ወለሉን ቀይሮታል፣ ወጥ ቤቱንም አዲስ አድርጎታል። መስኮቱን ስትከፍተው ተራራው ወለል ብሎ ታየ። ከታች ባቡሩ በከፍታ ሐዲዱ ላይ ሹልክ ብሎ አለፈ። ቺዙሩ እዚያው ቆማ ቀረች።

ታናሽ ወንድሟ ሬይጂ ከሺሞኖሴኪ የጭነት መኪናውን እየነዳ መጣ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን ደባበሰ፣ የደረጃውን ስንጥቅ ጎንበስ ብሎ አየ።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ የሙሽራ ቀሚስ የለበሰች አሮጊት ናት» አላት።

«እኔስ ማን ነኝ?» አለችው። «ቀሚሱም የለኝ።»

ሬይጂ ሳቀ። ወደኔ ነይ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ግን ሚስቱ አለች፣ የሚስቱ እናት አሉ፣ ቤቱም ጠባብ ነው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ አላነሱትም።

ማንም አላታለላትም። ናጋቶሚ ሕጉ እንደሚያዘው ሁሉንም ጮክ ብሎ አነበበላት፤ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር የዕድሳት ገንዘብ ጥቂት መሆኑን፣ ሰው የማይኖርባቸው ቤቶች መኖራቸውን፣ ቧንቧዎቹ ሕንፃው ሲሠራ የገቡት እነዚያው መሆናቸውን። «ገባዎት?» ይላል በየመሃሉ። «ገባኝ» ትላለች። ቢገባትም ባይገባትም ያው ነበር፤ ሌላ የምትሄድበት የላትም። ስልሳ ሲሞላት ጡረታ ወጥታ በኮንትራት ወደዚያው ሥራ ስትመለስ የተከፈላትን የስንብት ገንዘብና እናቷ የተዉላትን ጨምራ፣ በፊርማ ፈንታ ማኅተሟን አሳረፈች።

ጥቅምት ላይ ገባች። መጀመሪያ ያደረገችው ሚስማር መምታት ነው። በኪራይ ቤት ዕድሜ ልኳን አንዲት ሚስማር መትታ አታውቅም፤ አሁን የእናቷን ፎቶ የምትሰቅልበትን ቦታ መርጣ፣ መዶሻዋን አንስታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ መታች። ሚስማሩ ጠመመ። ነቅላ ሌላ መታች። በዚያ የብርድ ወራት ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ ቁልፏን በኮቷ ኪስ ውስጥ ጨብጣ ነበር ደረጃውን የምትወጣው።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር የመታጠቢያ ቤቷ ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ። መጀመሪያ ዝናቡ መሰላት። ግን ከላይዋ ሌላ ሁለት ፎቅ አለ፤ ዝናብ ከየት ይመጣል? ቆይታ ልብ አለች፤ እድፉ የሚረጥበው አመሻሽ ላይ፣ ከላይ ያሉት ሰው ታጥበው የገንዳውን ውኃ ሲለቁት ነው። በመጀመሪያ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ባልዲ አስቀመጠች።

የቧንቧ ሠራተኛ አስጠራች። ሰውየው ኮርኒሱን ቆርጦ አንገቱን አስገባና ትንሽ ቆይቶ ወጣ።

«ይኼ ቧንቧ የእርስዎ አይደለም» አላት። «ከላይ ያሉት ሰውዬ ፍሳሽ ነው። ድሮ እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ የላይኛው ቤት ቧንቧ በሁለቱ ቤቶች መሃል ባለው የሲሚንቶ ወለል፣ በሶሌታው ሥር ያልፍና በታችኛው ቤት ኮርኒስ ውስጥ ይሄዳል። ብረቱ በዝገት አልቋል። እዚህ ብለጥፈው እዚያ ይፈነዳል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከላይ ገብቶ የመታጠቢያ ቤታቸውን ወለል ሰብሮ ሙሉውን መቀየር ነው። እሱ ደግሞ የማኅበሩ ጉዳይ ነው፤ የኔና የእርስዎ አይደለም።» ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፈነላትና መሰላሉን አጥፎ ወጣ።

ቺዙሩ በማግሥቱ በቀይ አደንጓሬ የተሞላ ጣፋጭ በሳጥን ይዛ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ከላይዋ የሚኖሩት ሳኩማ የሚባሉ፣ ድሮ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ክሬን ይነዱ የነበሩ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ግድግዳውን ተጠግተው የሚያሳልፏት ሰው ናቸው። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፈቱት። አንድ ዓይንና ግማሽ ፊት ታየ።

«ሳኩማ ሳን፣ ስለረበሽኩዎት ይቅርታ» ብላ በአክብሮት ጠርታቸው ጀመረችና ቃል እየመረጠች ነገረቻቸው።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ፊታቸው ከክፍተቱ ጠፋ፤ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሱ ነበር። «ይህን ሁሉ ጊዜ የኔ እጣቢ ሲወርድብዎት?» አሉ ከሥር። «ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅዎት?»

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ቧንቧው ነው ያረጀው። ሠራተኛ ገብቶ አንድ ጊዜ ቢያየው ብዬ ነው።»

ዓይኑ ተመልሶ መጣ። «ሰው ማስገባት አልችልም» አሉ። «ይቅር ይበሉኝ። እሱን አልችልም። ግን ከእንግዲህ ውኃ አይወርድብዎትም።»

በሩ በቀስታ ተዘጋ። ጣፋጩ እጇ ላይ ቀረ፤ የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላው ወረደች።

እንዳሉትም ውኃው ቆመ። ባልዲው ደረቀ። ቺዙሩ ሌላ ሠራተኛ አምጥተው ይሆናል ብላ ደስ አላት። ወደ ሐምሌ መጨረሻ ግን፣ አገሩ በሙቀት በሚቀቀልበት ጊዜ፣ ደረጃው ላይ ተላለፉ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን ተጠጉ፤ ሸሚዛቸውን አንገታቸው ድረስ ቆልፈዋል፤ ፊታቸውንም አዞሩ። ቺዙሩ ጠረኑ ደረሳትና ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። ገላቸውን መታጠብ ትተዋል። በሰፈሩ የነበረው የሕዝብ መታጠቢያ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ሰውየው ለሷ ኮርኒስ ሲሉ በዚያ ሙቀት ጨርቅ አርሰው ገላቸውን እያበሱ ኖረዋል። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ጫማዋን ሳታወልቅ መተላለፊያው ላይ ቁጭ አለች።

የማኅበሩ ስብሰባ በነሐሴ ነበር። ሰብሳቢዋ ቶኩናጋ የሚባሉ፣ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ምላሳቸው የተሳለ ባልቴት ናቸው። የብስክሌት ማቆሚያው ውስጥ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው፣ ማራገቢያ ይዘው፣ የመጡት ሰዎች ሁሉ የቺዙሩ አባት ወይም እናት ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። ቺዙሩ ችግሯን ተናገረች። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የኔም ይንጠባጠባል» አሉ አንዱ።

«የኔ ከተንጠባጠበ ቆየ። ማሰሮ አድርጌበታለሁ» አሉ ሌላዋ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ቶኩናጋ። «ቧንቧ ለመቀየር ድምፅ ያስፈልጋል። ከባለቤቶቹ ግማሹ ሞቷል። የቀረው ግማሽ ደግሞ እዚህ ተቀምጦ የምታይው ነው። የሟቾቹ ልጆች ኦሳካ ናቸው፣ ናጎያ ናቸው፣ የት እንዳሉ የማይታወቁም አሉ። ብንጽፍ አይመልሱም። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ይኸው ስንት ዘመናችን።»

«ታዲያ ማን ይፈልጋቸው?»

ማራገቢያዎቹ ቆሙ። ከዚያ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ዐረፈ።

«ታናሻችን አንቺ ነሽ» አሉ ቶኩናጋ። «ጉልበት አለሽ። ዓይንሽም ያያል። ከዛሬ ጀምሮ ሰብሳቢ ነሽ።» አጨበጨቡላት። እንቢ ለማለት አፏን ስትከፍት ወንበሮቹ መታጠፍ ጀምረው ነበር።

ከሥራ መልስ ስትደውል ሰነበተች። አንዱ የቤቱን ነገር ሲሰማ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። አንዷ እህቴን ጠይቂ አለቻት፤ እህትየው ወንድሜን ጠይቂ አለቻት። አንድ ወጣት ግን ጨዋ ነበር። አያቱ እዚያ ቤት እንደነበራቸው ጭራሽ አያውቅም።

«ኩራሞቶ ሳን ነው ያሉኝ?» አለ። «እባክዎ እርስዎ ይውሰዱት።»

«ምኑን?»

«ቤቱን። በነፃ። የስም ማዛወሪያውንም እኔ እችላለሁ።»

ቺዙሩ ስልኩን ይዛ በመስኮቱ ተራራውን አየች። ተከራይታ የምታድርበት አንድ ክፍል እንኳ የተነፈገች ሴት፣ አሁን ቤት በነፃ እንቺ ትባላለች። የምታድርበትና ያላትን ሁሉ ያፈሰሰችበት ቤትም ለሌላ ሰው ምን ዋጋ እንዳለው በዚያች ቅጽበት ተረዳች። «አመሰግናለሁ፤ አይሆንልኝም» ብላ ዘጋች።

ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ብቻ መሰላት። አራተኛ ፎቅ ወጥታ በሩን አንኳኳች።

«ሳኩማ ሳን፣ እኔ ቤት ይታጠቡ።»

ሰንሰለቱ ተንሿሿ። «ምን አሉ?»

«የኔ ገንዳ አዲስ ነው፤ ፍሳሹም ከታች ባለው ባዶ ቤት በኩል ነው የሚያልፈው። ማንንም አያስቸግርም።»

«የሰው ቤት ሄጄ፣ ያውም የሴት ቤት?»

«ውኃ ሞልቼ እኔ ገበያ እወጣለሁ። ሲጨርሱ ቆልፈው ይሂዱ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የቱ ሰው?» አለች ቺዙሩ። «ሁሉም ጆሮአቸው አይሰማም።»

ከበሩ ጀርባ የደረቀ ሳቅ ሰማች።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው የራሳቸውን የመታጠቢያ ሳህን፣ ሳሙናና ፎጣ ይዘው ደረጃውን ቀስ እያሉ መውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ እሷ ትወጣ ነበር፤ ኋላ ግን መውጣቱን ተወችው። ታጥበው ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሕፃን ቀልቶ ጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እሷም ኡዶን የሚባለውን ወፍራም የስንዴ ፓስታ በሾርባ ቀቅላ፣ የተጠበሰ ሥራ ሥር ጣል አድርጋበት ታቀርብላቸዋለች። ጥርስ ስለሌላቸው እስኪርስ ይጠብቃሉ። «እርስዎ» ማለታቸውን ትተው «አንቺ» ያሏት በዚያ ሰሞን ነው።

«ለምንድን ነው ሰው የማያስገቡት?» ብላ ጠየቀቻቸው አንድ እሑድ።

ሾርባቸውን ጠጥተው ጨረሱ። «ቶኪዮ አጠገብ፣ ሳይታማ በምትባል ከተማ ሴት ልጅ አለችኝ» አሉ። «ጥሩ ልጅ ናት። ችግሩም እሱ ነው። ቤቴን ሰው ካየው ወረዳ ይነግራል፤ ወረዳ ለልጄ ይደውላል፤ ልጄ መጥታ ትወስደኛለች። እዚህ ደግሞ ሚስቴ አለች።»

«መቃብሯ?»

«መቃብሯም፣ ሌላውም» አሉና የመታጠቢያ ሳህናቸውን አነሱ።

ቺዙሩ ለማንም አልተናገረችም። ለወረዳው ልንገር ብላ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስታ ሁለቴም መልሳ አስቀምጣዋለች። ብትናገር ሰውየውን አሳልፋ መስጠት ነው፤ ዝም ብትል ቧንቧውም ሰውየውም እያደር ያልቃሉ። የትኛው ደግነት እንደሆነ አላወቀችውም። ቀኑ ግን እየሄደ ነበር።

በጥር አንድ ሐሙስ በረዶ ጣል ጣል አለ። ቺዙሩ ውኃውን እየሞላች ሳለ ደረጃው ላይ የሳህን መንኳኳት ሰማች፤ ኳኳ፣ ኳኳ እያለ ወደ ታች ወረደ። ስትወጣ ሳኩማ በአራተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሃል፣ እግራቸው ተጣጥፎ፣ ፎጣቸውን እንደያዙ ወድቀው አገኘቻቸው።

«ሳሙናው የት ገባ?» አሏት።

«ተዉት ሳሙናውን። አይንቀሳቀሱ።»

«አምቡላንስ አትጥሪ።»

ጠራች። እስኪመጣ ኮቷን አልብሳ፣ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ወቀሳ አልተናገሩም፤ ጣሪያውን ያያሉ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር።

ልጃቸው ካናኤ በማግሥቱ መጣች። እንደ አባቷ ረጅም፣ ትሑት ሴት ናት። ቁልፉ አልታዘዝ ሲላት ቺዙሩ ረዳቻት፤ አብረው ገቡ። ከመግቢያው አንስቶ እስከ ጓዳው ድረስ የቆሻሻ ከረጢት ተደርድሯል። ግን ቆሻሻ አይመስልም፤ ጠርሙሱ ለብቻው ታጥቦ፣ ቆርቆሮው ለብቻው ተጨፍልቆ፣ ጋዜጣው በገመድ ተጠፍንጎ፣ ሁሉም ወረዳው ባዘዘው መሠረት ተለይቶ ታስሯል። የጎደለው ታች ድረስ የሚያወርደው ሰው ብቻ ነው። በከረጢቶቹ መሃል አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት መንገድ ቀርቷል፤ መንገዱ የሚያደርሰው የሚስታቸው ፎቶ ፊት ነው፤ እዚያ አካባቢ ወለሉ ተወልውሎ ያበራ ነበር።

ቺዙሩ ከረጢቶቹን በዓይኗ ቆጠረች። በየጠዋቱ የራሷን ከረጢት ይዛ ደረጃውን ወርዳለች። አንድ ፎቅ ወጣ ብላ፣ የሚጣል አለዎት ወይ ብትላቸው ኖሮ።

«እኔ ነኝ ውረዱ ያልኳቸው» አለች ለካናኤ። «ለመታጠብ።»

«አባቴን ማንም አዟቸው አያውቅም» አለች ካናኤ ፊቷን ሳታዞር። «በስልክ ስለ እርስዎ ኡዶን ይነግሩኝ ነበር። ጎረቤት ስላላቸው ደህና ናቸው ብዬ ነው እኔም የተኛሁት።»

ካናኤ ቤቱን አስጠርጋ፣ ውኃውን አዘግታ፣ አባቷን ሳይታማ ከተማ ባለ መጦሪያ አስገባቻቸው። ቧንቧው እንዲቀየር ድምፅ እንድትሰጥ ቺዙሩ ስትጠይቃት፣ «ከወንድሜ ጋር ልነጋገር» አለች። በኋላ ስልኩ እየጠራ አይነሳም ጀመር። ቺዙሩ አልፈረደችባትም። እነዚያ የማይመልሱት ሰዎች ሁሉ እንዲህ እንደጀመሩ ጠረጠረች።

መጋቢት ላይ ሳኩማ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«እዚህ ገላዬን የሚያጥቡኝ በክሬን ነው» አሏት። «በወንጭፍ አንጠልጥለው ገንዳ ውስጥ ይከቱኛል። የምትነዳው ልጅ ገና ጀማሪ ናት፤ ታወዛውዘኛለች።»

«ይንገሯታ እንዴት እንደሚነዳ።»

«ነገርኳት። ሳቀች።» ቀጥለውም፣ «ሚስቴን ግን አላመጧትም። ፎቶዋን ነው ያመጡት» አሉ።

«እንደ ወጉ መቃብሯን ሄጄ አጥባለሁ» አለች ቺዙሩ። «እባክሽ» አሉ። ከዚያ የጎረቤቶቹን ነገር በየተራ ጠየቋት፤ እሷም ነገረቻቸው።

በሚያዝያ የማኅበሩ ስብሰባ ተደረገ። ቺዙሩ ወንበሮቹን ዘርግታ፣ ሻይ ቀድታ፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ ጠበቀች። ባለፈው ከመጡት አንዱ ልጃቸው ጋ ሄደዋል፤ አንዷ ሆስፒታል ናቸው። ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም። እንዳልሞላ ተናገረች፤ የቀሩት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሻዩን ጠጡ፤ ስለፈካው የቼሪ አበባ ተጫወቱ። ቶኩናጋ እንደ ድሮው አልቀለዱም፤ ወንበራቸው ላይ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ሁሉም ሲሄዱ ቶኩናጋ፣ «ጣሪያው ላይ ያለው ሰገነት ወጥቼ ተራራውን ማየት አማረኝ» አሏት። «ከወጣሁ ስንት ዘመኔ።»

«አምስት ፎቅ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። እዚሁ አይደል የምኖረው?»

ቺዙሩ ክንዳቸውን ያዘች። በየደረጃው ማጠፊያ እየቆሙ ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ባልቴቷ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቺዙሩም አጠገባቸው ተቀመጠች። ከላይ ያሉት በሮች ሁሉ ዝግ ናቸው፤ የሳኩማም።

«ትንሽ እንቆይ» አሉ ቶኩናጋ።

«እንቆይ» አለች ቺዙሩ።